ያወቀ ሁሉ ይጠነቀቃልን?
የወጣት ትግል ስፖርተኞችን የሥነ ምግብ ዕውቀት በሚለኩ መጠይቆች ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ1997 መገባደጃ፣ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ፣ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ትግል ስፖርተኞች ለውድድር ክብደታቸውን በፍጥነት ለመቀነስ ሲጥሩ ሕይወታቸው አልፏል። ሦስቱም ላብ የማያስተን ልብስ ለብሰው በሞቃት ስፍራ ከባድ እንቅስቃሴ ያደርጉ እንደነበር የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ1998 ዘግቧል። የወጣቶችን የሥነ ምግብና የአመጋገብ መታወክ ዕውቀት በመጠይቅ መለካት እንዲህ ያለውን አደጋ ለመከላከል ከሚወሰዱ እርምጃዎች አንዱ ነው። ዓላማው የሚደገፍ ነው፤ የተሳሳተውን ለይቶ ማስተማር ይቻላልና። ጥያቄው መጠይቁ በእርግጥ የሚለካው ምን እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያው ድክመት በነጥብ አሰጣጥ ላይ ይታያል። ሃያ የ«እውነት ወይም ሐሰት» ጥያቄዎች የቀረቡለት ወጣት አንዱንም ሳያነብ በግምት ቢመልስ በአማካይ አሥሩን ያገኛል። «አላውቅም» የሚል አማራጭ በሌለበት 60 በመቶ ያመጣ ቡድን «መካከለኛ ዕውቀት አለው» ብሎ መደምደም ግምትን ከዕውቀት መቁጠር ይሆናል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ድክመት ከፍተኛ ውጤትን ለደኅንነት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ ነው። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ኪሎ ካሎሪ እንደሚሰጥ የሚያውቅ ወጣት ዕውቀቱን ለተመጣጠነ ምግብ ሊያውለው ይችላል፤ ስብን ጨርሶ ከገበታው ለማስወጣትም ሊያውለው ይችላል። የአመጋገብ መታወክ ያለበት ሰው የየምግቡን ካሎሪ ከጤነኛው ይልቅ አጥርቶ ማወቁ ለሐኪም እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከፍተኛ ነጥብ ሕመሙን ሊሸፍነው ይችላል።

ሦስተኛው፣ ዕውቀትን ከሕመም ምልክት ጋር ማደባለቅ ነው። በ1982 የወጣው ባለ 26 ጥያቄው ኢት-26 እና በ1999 የቀረበው ባለ አምስት ጥያቄው ስኮፍ የሚመረምሩት አመለካከትንና ምልክትን እንጂ ዕውቀትን አይደለም። በተጨማሪም ሁለቱም መጀመሪያ የተፈተሹት በሴቶች ላይ ነው። ስኮፍ በሦስት ወር ውስጥ ከስድስት ኪሎ በላይ መቀነስን ይጠይቃል። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ኪሎ በላብ አውጥቶ ከሚዛን በኋላ መልሶ የሚጠጣው ወጣት ለዚህ ጥያቄ በቅንነት «የለም» ብሎ ይመልሳል። አደገኛው ልማድ በመጠይቁ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ መልሱ የሚሰጥበት ሁኔታ ሊዘነጋ አይገባም። አሠልጣኙ በክፍሉ ቆሞ የተሞላ ወረቀት ስለ ወጣቱ የሚነግረንን ያህል ስለ አሠልጣኙም ይነግረናል። ውድድር በሌለበት ወቅት የተሰበሰበ መልስም የውድድሩን ሰሞን ረሃብና ጥም አያሳይም።

ከ1997ቱ ሞት በኋላ የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪዎች የወሰዱት እርምጃ በትምህርት ብቻ አልተወሰነም። ሳውናና የጎማ ልብስ ተከለከሉ፤ ሳምንታዊው የክብደት ቅነሳ ከ1.5 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የሰውነት ስብም ከ5 በመቶ በታች እንዳይወርድ ተወሰነ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ኋላ ለወንዶች 7፣ ለሴቶች 12 በመቶ ወለል አበጁ። ይህ የሚያስረዳው ወጣቱ እያወቀም ቢሆን የሚዛኑ ግፊት ሊያሸንፈው እንደሚችል ነው።

እንግዲህ የተሻለ መለኪያ ትርጓሜን ከመጠየቅ አልፎ ውሳኔን ሊጠይቅ ይገባል፦ «ነገ ሚዛን አለ፤ ሁለት ኪሎ ትርፍ አለህ፤ ምን ታደርጋለህ? ለማንስ ትነግራለህ?» ከመልሱ ጎንም የሽንት ጥግግትና በየሳምንቱ የተመዘገበ ክብደት ቢቀመጡ ቃልና ተግባር ይነጻጸራሉ። እንዲህ ያለውን መጠይቅ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ተመራማሪም ቃላቱን ከመተርጎም አልፎ ለአገሩ ወጣትና ለአገሩ ገበታ መስማማቱን አስቀድሞ ሊፈትሽ ይገባዋል። ያልተፈተሸ መለኪያ ለታመመው ወጣት «ደኅና ነህ» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላልና።