ዳሽቦርዱ ዝም ሲል

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ኤቢኤሱም ደህና ነው። ችግር ያለበት መብራቱ ብቻ ነው። ለአንዲት ቢጫ መብራት ይሄ ሁሉ መኪና ይጠራል?» አለኝ ዴንቨር በምሠራበት ጋራዥ በቅርቡ የተቀጠረ ልጅ። በእጁ የሪኮል ወረቀት፣ ማለትም አምራቹ መኪኖቹን ለጥገና የሚጠራበትን ደብዳቤ፣ ይዟል። አምራቹ እንደጻፈው የዳሽቦርዱ ሶፍትዌር ስህተት ስላለበት ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ቢበላሽም ማስጠንቀቂያው ላይበራ ይችላል፤ ስለዚህ ጎታቾቹ፣ ተሳቢ የሚስቡት ከባድ መኪኖች፣ ይምጡና ሶፍትዌሩ በነፃ ይቀየር ነው የሚለው።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። የአሜሪካ ሕግም ያውቀዋል፤ አንድ አምራች ደንብ እንዳላሟላ ካመነ በኋላ «ጉድለቱ ደህንነትን አይነካም» ብሎ ለመንግሥት ማመልከትና ከሪኮሉ ነፃ ልሁን ማለት ይችላል። በማስጠንቀቂያ መብራት ጉዳይ እንዲህ ያለ ማመልከቻ እኔ ዘንድ ቢመጣ ግን አልቀበለውም። ለልጁ ምክንያቱን በሥራ መሀል ባጭሩ ነገርኩት፤ እዚህ ላይ ልዘርዝረው።

የተበላሸ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ያለቀ ኩሽኔታ ይጮኻል፣ የተቀደደ የአየር ቱቦ ያፏጫል፣ የጋለ ፍሬን ይሸታል። የማይበራ ማስጠንቀቂያ ግን መልኩ ከጤነኛ መኪና መልክ አይለይም። ዘበኛው ዝም ያለው ሌባ ስለሌለ ይሁን እንቅልፍ ስለወሰደው በምን ይታወቃል? ኤቢኤስ ሲሞት ተራው ፍሬን ይቀራል፤ ሹፌሩ በደረቅ አስፋልት ወር ሙሉ ቢነዳ ልዩነቱ አይገባውም። የሚገባው በረዶ ላይ ፔዳሉን ረግጦ፣ ጎማው ተቆልፎ፣ ተሳቢው በጎኑ ሲመጣበት ነው። መብራቱን አይቶ ቢሆን ያን ቀን ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፤ ወይም ከነጭራሹ ከግቢ አይወጣም።

ነገሩ ታሪክም አለው። ከባድ መኪና በድንገት ሲቆም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያስገድደው የመጀመሪያው ደንብ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። የዚያ ዘመን ኤሌክትሮኒክስ አልቻለውም፤ ፓካር የተባለው አምራች ተከራክሮ በ1978 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንን የደንቡን ክፍል ሻረው። ኤቢኤስ በግዴታ የተመለሰው ከማርች 1 ቀን 1997 ወዲህ በተሠሩ ጎታቾች ላይ ነው፤ ተሳቢዎች በዓመቱ ተከተሉ። የተሳቢውን ብልሽት ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ ፊት የሚያሳየው መብራት ደግሞ በ2001 ተጨመረ። ከደንቡ ውስጥ በጣም የምወደው አንድ ነገር አለ፤ ብልሽቱ እስካለ ድረስ መብራቱ እንዲበራ፣ ቁልፉ ጠፍቶ እንደገና ሲዞርም ራሱ ተመልሶ እንዲመጣ ያዝዛል። መኪናው የትናንቱን እንዲረሳ አልተፈቀደለትም።

በ2024 መጀመሪያ ቴስላ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የቤት መኪኖቹን ሪኮል ያደረገው የፍሬን፣ የፓርክና የኤቢኤስ ማስጠንቀቂያ ፊደሎች መጠናቸው ከደንቡ ስላነሰ ነው፤ ቁመታቸው ቢያንስ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። ለሚሊ ሜትር ይህን ያህል ጣጣ ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ደግሞ ዓይኑ የደከመ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሹፌር ነው የታየኝ።

ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በዚህ ነገር ስንከራከር ዓመታት አለፉ። እሱ ጥሩ መካኒክ ነው። መኪና ሲገባ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ይሰካል፣ ኮድ ያነባል፤ ኮድ ከሌለ መኪናው ደህና ነው። እኔ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን አዞርና እያንዳንዱ መብራት በርቶ ሲጠፋ አያለሁ። አምፖል በነበረበት ጊዜ ይህ ብዙ ይናገር ነበር፤ በርቶ የጠፋ አምፖል ክሩ አልተበጠሰም፣ ስለዚህ ጨለማው ይታመናል። አሁን አምፖል የለም። ኤቢኤሱ የራሱ ኮምፒውተር አለው፤ መልእክቱን ጄ1939 በሚባለው መስመር ይልካል፤ የዳሽቦርዱ ኮምፒውተር ተቀብሎ ስክሪን ላይ ቢጫ ምልክት ያወጣል። ቁልፍ ሲዞር ብልጭ የሚለው ምልክት የሚመሰክረው ዳሽቦርዱ ምልክቱን ማውጣት እንደሚችል ብቻ ነው። እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ መልእክቱ መድረሱን፣ ደርሶም በሌላ ማሳሰቢያ አለመሸፈኑን፣ መልእክቱ ጨርሶ ሲቋረጥ ዳሽቦርዱ ያንኑ እንደ ብልሽት መቁጠሩን አይነግረንም። የባልደረባዬ ኮምፒውተርም አይነግረንም፤ የሚያነበው ኤቢኤሱ የመዘገበውን ነው እንጂ ሹፌሩ የሚያየውን አይደለም። ኮድ ቢያገኝ እንኳ ብልሽቱን ይጠግናል፣ ኮዱን ያጠፋል፤ «መንገድ ላይ መብራቱ በርቶልህ ነበር ወይ?» ብሎ ሹፌሩን አይጠይቅም።

ስለዚህ ሪኮል ስሠራ አዲሱ ሶፍትዌር ገብቶ «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ለእኔ ገና ነው። ብልሽቱን በእጄ እፈጥራለሁ። የአንዱን ጎማ የፍጥነት ሴንሰር ሶኬት እነቅላለሁ፤ መብራቱ መምጣት አለበት። ቁልፉን አጥፍቼ እንደገና አዞራለሁ፤ አሁንም መምጣት አለበት። ሶኬቱን መልሼ ትንሽ እነዳለሁ፤ መጥፋት አለበት። ከዚያ ጎማው ሥር ታኮ አድርጌ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ቁልፉን ከፍቼ ፔዳሉን ደጋግሜ እረግጣለሁ። የፍሬኑ አየር ግፊት ከ60 ፒኤስአይ ሲወርድ የአየር ማስጠንቀቂያው ካልመጣ ያ መኪና ከእኔ እጅ አይወጣም። ይህን የአየር ፈተና ባለ አየር ፍሬን መኪና ለመንዳት ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያወጣ ሹፌር ሁሉ ሸምድዶ ተፈትኖበታል፤ ፈቃዱን ከያዘ በኋላ ግን በየጠዋቱ የሚያደርገው ጥቂቱ ነው። ባልደረባዬ ጊዜ ማባከን ነው ይለኛል። አምራቹ ለሪኮል የሚከፍለው በተወሰነ ሰዓት ልክ ስለሆነ እኔ የምጨምራትን ደቂቃ ማንም አይከፍለኝም። እውነቱን ነው። እኔም አልተውኩም።

ይህ ግትርነት ኮምቦልቻ የያዘኝ ነው። ሙያውን የጀመርኩት ኤንትሬ የሚባሉት የአሰብ መስመር ከባድ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ነበር። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር የሚያምነው ጆሮውንና ረዳቱን ነው። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ጎማ ያያል፣ የፍሬን ሽታ ሲመጣ ይጮኻል፣ መኪናው ሲቆም ታኮ ይዞ ይዘላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሹፌሩ ብቻውን ነው። ጋቢናው ድምፅ አያስገባም፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ተሳቢው ከኋላው ስለረዘመ ሹፌሩ የኋላ ጎማዎቹን አያይም። ረዳቱ ይሠራ የነበረውን ሥራ የተረከበው ያ ቢጫ ምልክት ነው። አንድ ሰው «መብራት ብቻ ነው» ሲለኝ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ ቁልቁለቱ ቅርብ ነው። ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ፣ ኢንተርስቴት 70 ወደ ዴንቨር ይወርዳል። በአፕሪል 2019 ፍሬኑ አልይዝ ያለው ጎታች ከተራራው ወርዶ ሌክዉድ ላይ በትራፊክ ከቆሙ መኪኖች ጋር ተጋጭቶ አራት ሰዎች ሞቱ። ያ አደጋ የሶፍትዌር ጉዳይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ከተራራው የሚወርድ ጎታች ባየሁ ቁጥር ሹፌሩ ፊት ያለው ዳሽቦርድ ምን እያለው ይሆን እላለሁ።

ኮምቦልቻ ትልልቆቹ ባለሙያዎች ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን ይሰጡን ነበር። ሙያ በዓይን ተሰርቆ እንጂ ተሰጥቶ አይገኝም ነበር። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራቸው ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የሰጠሁት ለማላያቸው ሰዎች ነው፤ ዋዮሚንግ ላይ በነፋስና በበረዶ መሀል ለሚነዳው፣ ከጎኑ በትንሽ መኪና ልጆቿን ይዛ ለምታልፈው። ለእነሱ ስል ከአዲስ ልጅ የምደብቀው ሙያ የለኝም። የሪኮሉን ወረቀት ይዞ የጠየቀኝን ልጅ ሶኬቱን በራሱ እጅ እንዲነቅል፣ መብራቱን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አደረግሁት። መብራቱ ሲመጣ ሳይነግሩት ቁልፉን አጥፍቶ መልሶ አዞረው። በዚያ ቀን ከዚያ በላይ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

ከወገኖቼ ያገለገለ ጎታች ገዝታችሁ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። የሪኮል ደብዳቤ የሚሄደው በመዝገብ ላይ ወዳለው ባለቤት ስለሆነ መኪናው እጅ ሲቀያየር ደብዳቤው የድሮው ባለቤት ጋ ሊቀር ይችላል። በመኪናው ላይ የተጻፈውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ይዛችሁ ለአምራቹ ዲለር ደውሉ፤ ያልተሠራ ሪኮል ካለ ይነግሯችኋል፣ ሪኮሉ ሲታወጅ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት ካላለፈው ጥገናው በነፃ ነው። ስትረከቡ ደግሞ መካኒኩን አንድ ሴንሰር እንዲነቅል ጠይቁትና ወንበሩ ላይ ሆናችሁ መብራቱን በዓይናችሁ እዩ።