እምብርቱን አሳዩኝ

ሰው መሶብ ሲገዛ የሚያደርገውን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ክዳኑን ያነሣል፣ መልሶ ይከድናል፣ «ቀለሙ እንዴት ያምራል!» ይላል፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። አለቀ። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ቀለሙን አድምቆ፣ ዙሪያውን በዛጎል አስጊጦ ይጠብቀዋል። ዕቃውን ገልብጦ የሚያይ ገዢ በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለ ሣሩ ብዙ አልልም። ስንደዶና አክርማ ክረምቱ ሲወጣ እንደሚለቀም፣ ሲሰፋ መርጠብ እንዳለበት፣ የአለላው ቀለም የሚለቅ መሆን አለመሆኑ በረጠበ አውራ ጣት ታሽቶ እንደሚታወቅ የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ እናቱን ይጠይቅ። ዙሮቹ እኩል መወፈር አለባቸው። በጥቅሎቹ መካከል የውስጡ ሣር ማፍጠጥ የለበትም። ክዳኑ ሲገጠም መንገዳገድ የለበትም። ለዚህ ሁሉ ዓይን መኖር ይበቃል። እኔ የተነሣሁት ስለ እምብርቱ ልናገር ነው።

ስፌት የሚጀመረው ከመሐል፣ ከእምብርቱ ነው። ጥቂት የረጠበ ሣር ጫፉ እንዲሳሳ ተደርጎ በራሱ ላይ ይጠመዘዝና የመጀመሪያዋ ዙር ትወጣለች። ሰፊዋ ወስፌዋን የምታስገባባት ቀዳዳ አንዲት ብቻ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች በሙሉ በእርሷ ያልፋሉ። ወስፌው በገባ በወጣ ቁጥር ደግሞ ቀዳዳዋ መስፋት ትፈልጋለች። ስለዚህ ባለሙያ የሆነች ሴት ለጅማሮ ቀጭን ወስፌ ትይዛለች፤ እያንዳንዱን ጥቅል ሲያስፈልግ በጥርሷ ጭምር ስባ ታጠብቃለች። የረጠበ ሣር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዛሬ የጠበቀ የሚመስለው ነገ ይላላል። እርሷ የምታጠብቀው ለነገው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ያችን ዙር ተከትሎ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ይወጋል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን። መሐሏ ከተወላገደች ዳር ላይ የሚገባው ጥለት አንዱ ክንፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ይወጣል። ገዢው «በእጅ የተሠራ እኮ ነው፣ ትንሽ መዛነፉ ውበቱ ነው» ይላል። ውበቱ አይደለም! ጅማሮ አለመቻል ነው።

ዛሬ ዛሬ ደግሞ ጅማሮ ያልቻለ ሰው አይቸገርም፤ ይደብቀዋል። አንዱ መሐሉ ላይ የክር አበባ ይለጥፋል። ሌላው ክብ ቆዳ ቆርጦ ይሰፋበታል። በካርቶን ላይ ተጀምሮ ካርቶኑ በክር የተሸፈነ ሌማትም በእጄ ገልብጫለሁ፤ ሣሩ የሚጀምረው ከካርቶኑ ዳር ነው። ሥልጠና ላይ ያሉ ወጣቶች ይህን «ዲዛይን» ሲሉት መስማት ያማል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ እምብርቱ የተሸፈነ ስፌት አይገዛም።

አገልግልስ? የሚል አይጠፋም። አገልግል የመንገድ ዕቃ ነው፤ ቆዳው ምግቡን ከአቧራና ከዝናብ ሊጠብቅ የለበሰ እንጂ ጉድ ሊሸፍን አይደለም። እርሱን ከፍታችሁ በውስጥ በኩል እዩት። የመሶብ ክዳንም እንዲሁ ነው፤ ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ስላለ ከላይ አይታይም፣ ከውስጥ ግን ይታያል። መሶቡን ራሱን ደፍታችሁ እጃችሁን በእግሩ ክፍት በኩል እስከ መሐሉ ስደዱ። ጣታችሁ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ካገኘ ይበቃል።

ለሰፌድ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ፈተና አለ። ከቤት ስትወጡ አንድ ጭብጥ ጤፍ በወረቀት ቋጥራችሁ ያዙ። የጤፍ ፍሬ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም። ሰፌዱ ላይ አፍስሱና፣ ከሥር ነጠላችሁን ዘርግታችሁ አንገዋሉ። ዳሩ ላይ ምንም አይወርድም፤ የሚወርደው ሁልጊዜ ከመሐል ነው። ሻጩ ይስቅባችሁ ይሆናል። ይሳቅ። ጤፍ የሚያፈስ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ ጓዳ አይገባም።

ግድግዳ ካልሁ አይቀር፣ የሐረር ሴቶች ስፌታቸውን ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ መደቡ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑን ባነሣ ቁጥር የሚያየው እምብርት ነው። እንዲህ በተሰቀለ ሥራ ላይ ማጭበርበር አይቻልም። የሐረር ስፌት እንዲያ የረቀቀው አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ የሠራችውን ጎረቤት ሁሉ ፊት ለፊት ይመረምርባታል። አዲስ አበባ ላሉ ጀማሪዎች ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም እንዲያዩ እመክራለሁ። የሚያናድደው፣ የሙዚየም ዕቃ ገልብጦ ማየት አይፈቀድም።

የእናቴ አክስት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጎንደር ውስጥ ልጁን የሚድር ሁሉ ሙዳይ ሊያሰፋ የሚመጣባት ሴት ነበረች። ሙያ ሊማሩ የሚመጡ ልጃገረዶችን ለረጅም ጊዜ እምብርት ብቻ ታስጀምራቸዋለች። ልጅቱ አምስት ስድስት ዙር አድርሳ ስታመጣ፣ አክስቴ ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ታነሣውና አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ካለፈች ያ ሥራ ለቡናው እሳት ማያያዣ ሆነ ማለት ነው። አትቆጣም፣ አትሳደብም። ብርሃን ካላለፈ ደግሞ «ቀጥዪ» ትላለች፤ ከአፏ ከዚያ የበለጠ ሙገሳ ሲወጣ አልሰማሁም። አንዲቱ ልጅ በሦስተኛው እሳት ላይ አልቅሳ ሄደች፤ ከዓመታት በኋላ ግን የራሷን ተማሪዎች ይዛ አገኘኋት። እንደ አክስቴ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታየው።

መርካቶም ሸቀጡን ሁሉ ደፍቶ የሚደረድር አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበር። ሌሎቹ አበባውን ወደ ላይ ሲያደርጉ እርሱ የመሶቡን ቂጥ ያሳያል። «ለምን?» ስለው፣ «የሚያውቀው ገዢ እንዳይደክም ብዬ» አለኝ። ዋጋው ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ነበር፤ አንድም ጊዜ ተከራክሬው አላውቅም።

አሁን ያሉት ሻጮች ስትገለብጡባቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። «እትዬ፣ እንጀራው ይሸፍነው የለ እንዴ!» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሻጭ የጎደለውን ከእናንተ በፊት አይቶታል። ዋጋ እንኳ አትጠይቁት፤ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።