ተራ ሲጠበቅ

ከመድረክ ጀርባ መሣል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚለምደው ጨለማውን ነው። ብሔራዊ ቴአትር መጋረጃው ጥግ ላይ ቆሜ ስሥል ወረቀቴ ላይ የሚደርሰው ከመድረኩ የተረፈ ብርሃን ብቻ ነው፤ ትዕይንት ሲቀየር እሱም ይጠፋል። ስለዚህ የምይዘው ለስላሳ ከሰል ነው፤ ሳላየውም መስመሩ የት እንደደረሰ ጣቴ ያውቀዋል። ላጲስ አልይዝም።

ብዙ ሰው የተዋናዩን ፊት የምሥል ይመስለዋል። ፊት ሜካፕ ክፍል፣ መስታወት ሥር ይገኛል። እኔን የሚስበኝ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ጀርባ ነው። ካባ የደረበው ንጉሥ ቃለ ተውኔቱን ለራሱ እያነበነበ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ያርፋል፤ ትከሻው ገና የራሱ ነው። ሊገባ ሁለት እርምጃ ሲቀረው አንገቱ ይቃናል፣ የካባው አወዳደቅ ይለወጣል። በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት በተከፈተ ቤት ንጉሥ ሆኖ መግባት ቀላል አይመስለኝም። ይህን የአቋም ለውጥ ለመያዝ ሦስት መስመር ይበቃል፦ አከርካሪው፣ የትከሻው ዘንበል፣ የረገጠው ተረከዝ። ቀሪውን ቤቴ ገብቼ ከትዝታ እሞላለሁ። የፓሪስ ኦፔራን ተወዛዋዦች በመሣል የታወቀው ኤድጋር ዴጋም ብዙ ሥራውን የጨረሰው ስቱዲዮው ውስጥ ነው።

ከምኖርበት ወሎ ሰፈር ካዛንቺስ ሩቅ አይደለም። እዚያ የነበሩት አዝማሪ ቤቶች ግን የመድረክ ጀርባ አልነበራቸውም፤ ተወዛዋዡ ተራውን የሚጠብቀው ባንኮኒው ጋ፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨዋወተ ነበር። ከእነዚያ ቤቶች አንዱን፣ ፈንድቃን፣ የባህል ማዕከል ያደረገው ተወዛዋዥ መላኩ በላይ ራሱ በወጣትነቱ እዚያው ባንኮኒ ሥር እያደረ፣ በሽልማት እየጨፈረ ነው የኖረው። መጋረጃ በሌለበት መጠበቁ ጨዋታ ውስጥ ይደበቃል፤ የሚያጋልጠው እስትንፋስ ነው። ማሲንቆው ሲለወጥ ደረቱ ይሞላል፣ አገጩ ትንሽ ይሰበሰባል፣ ትከሻው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። እስክስታን ከትከሻ የሚጀምር ሠዓሊ የሚርገበገብ ልብስ ሥሎ ይቀራል፤ ከደረት መነሳት አለበት።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ አብረው ሄዱ። አብረውኝ ለሚሥሉ ወጣቶች አሁን አጥብቄ የምናገረው፣ ከሰውየው ጋር ክርኑን ያሳረፈበትን ነገር አብረው እንዲሥሉ ነው፤ የባንኮኒውን ጠርዝ፣ የበሩን መቃን፣ የመጋረጃውን ገመድ። የሰው አቋም የሚገባን የተደገፈውን ስናይ ነው፤ ቤቱም ቢሆን ነገ ላይኖር ይችላል።