የት ላይ ፈላብህ?

ሹፌር ደሴ ባለው ጋራዤ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ መኪናዋ ታፈላለች» ሲለኝ ኮፈን አላስከፍትም። «የት ላይ ፈላብህ?» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። ሞተሩ ፊቴ እየተንፈቀፈቀ እኔ ስለ መንገድ እጠይቃለሁ። ግን ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ካሉኝ መፍቻዎች ሁሉ ይበልጥ ይነግረኛል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ይህን ልዩነት መኪናው ሐረጎ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ፣ ሰውና ጆንያ ተሸክሞ፣ እያቃሰተ ነው የሚጨርሰው።

«ኮምቦልቻ መናኸሪያ ተራ ስጠብቅ» ካለኝ የጎደለው ነፋስ ነው። ቆሞ እየሞቀ ሲሄድ የሚበርድ መኪና ወይ ፋኑ አይዞርም፣ ወይ ቺንጋው ላልቷል። «ዳገቱ ላይ ነው፣ ሜዳ ሲሆን ይመለሳል» ካለኝ ፋኑን ትቼ ወደ ውሃው እሄዳለሁ፤ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል ወይም ፓምፓው በደንብ አይገፋም። አንዳንዴም የታችኛው ቱቦ አርጅቶ፣ ሞተሩ ሲጮህ በመምጠጡ ብዛት ተጣብቆ ይዘጋል፤ ይህን ለማየት አንድ ሰው ነዳጅ እየረገጠ ሌላው ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት። «ከተነሣሁ ብዙም ሳልሄድ» የሚል ሲመጣ የላይኛውን ቱቦ እዳብሳለሁ። የሙቀት ጌጁ ቀይ ላይ ደርሶ ቱቦው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ እንደተዘጋ ቀርቷል፣ ሌላ ምስክር አልፈልግም። «ሐረጎን ስወርድ ሞቀብኝ» ያለኝ እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው። የጌጁ ሽቦ ነበር።

የሞተሩን ራስ ቴስታታ፣ ቀበቶውን ቺንጋ፣ ፓምፑን ፓምፓ የምንለው ጣሊያን ጥሎብን የሄደውን ቃል ይዘን ነው። ይህንንም መንገድ በወረራው ዘመን የሠራው እሱ ነው፤ መንገዱም ቃሉም እየተጠገነ ያገለግላል።

ባለፈው አንድ ወጣት ሹፌር ዶልፊን ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ራዲያተሩን አሳጥቧል፣ ፓምፓውን ቀይሯል፣ ቴስታታው ይውረድ ተብሎ ብር እያጠራቀመ ነው። ከወንበሩ ኋላ ሁለት ጀሪካን ውሃ አለ።

«የት ላይ?»

«ዳገቱን ጨርሼ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ላወርድ ስቆም፣ ጋሼ። ቡልቅ ብሎ በትርፍ መያዣው ይገነፍላል።»

«ጌጁስ?»

«እሱማ መሀል ላይ ነው። ለዚህ እኮ ነው ግራ የገባኝ።»

«አብሽር» አልኩት። ሻይ አዘዝን። በሙቀቱ የራዲያተር ክዳን መክፈት ምን እንደሚያደርግ ግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ይነግረዋል፤ ዛሬም ቢሆን ቱቦውን ጨብጬ ልስላሴው ካልተሰማኝ ክዳን አልነካም። ሲበርድ ጨርቅ ጥዬ ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ጎማ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ሆኗል፣ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣቴ ስጫነው ያለ ምንም ትግል ወረደ።

ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ምክንያቱን ንፍሮ የምትቀቅል የደሴ እናት ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። ኮምቦልቻ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ ደሴ ላይ ይዘገያል፤ ከፍታ ሲጨምር ውሃ ሳይግል ይፈላልና። ባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ በ94 ገደማ፣ ደሴ በ92 ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በጤናው የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው፤ ብዙው ቴርሞስታት ላይ 82 የሚል ቁጥር ተመትቷል፣ ከዚያ ጀምሮ እየተከፈተ ወደ 95 ይጠጋል። እንግዲህ ደሴ ላይ ጤነኛ ሞተር ውሃውን ያላፈላው በክዳኑ ምክንያት ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው 0.9 የሚያፍነውን ግፊት ይናገራል፤ ያ ግፊት የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ይገፋዋል። ክዳኑ ሲደክም ራዲያተሩ ድስት ይሆናል። የወጣቱ ሞተር አልጋለም፤ ጌጁ እውነቱን ነው የተናገረው። ዳገት የወጣ ሞተር ሲቆም ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ውሃውም 92ን አልፎ ይገነፍላል። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ነው እውነተኛው ግለት የሚመጣው።

ይህን የማውቀው በሌላ ሰው ብር ነው። ጋራዥ በከፈትኩ ሰሞን ይህንኑ ምልክት ይዞ የመጣ መኪና ቴስታታ አወረድኩ። ቶርኖ ቤት ልኬ አስላግሁ፣ አዲስ ጋስኬት ገጠምኩ፣ ሦስት ቀን ሠራሁ። ሰውዬው ኮምቦልቻ ወርዶ ሲመለስ ፈላበት። የእጅ ዋጋዬን መለስኩለት። የጋስኬቱን ግን እሱ ነው የከፈለው፣ እስካሁንም ሲያልፍ ሰላምታዬ ላይ አንገቴን ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ።

አሁን ጋስኬት ስጠረጥር መኪናውን አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ ክዳኑን ከፍቼ አስነሣለሁ፤ ውሃው ሳይሞቅ አረፋው የማያቋርጥ ከሆነ ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑን ገጥሜ የላይኛው ቱቦ ገና ለብ ሳይል ከጠነከረም ያው ነው። በነጭ ጭስ ብቻ የሚፈርድ መካኒክ ግን አይግጠማችሁ። የደሴ ጠዋት ሁሉም መኪና ነጭ ያጨሳል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ደግሞ የአገራችን በሽታ ነው። «ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው» ይሉኛል፣ ጦሳ ተራራ ሥር ጋቢ ለብሰው። በብዙ ቶዮታ ሞተር ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ዘልሎ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ሜዳ ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነዳጅ ይበላል፣ ዳገት ላይ ከውሃው ከፊሉ ሳይበርድ ይዞራል። እንዲበርድ ያሉት መኪና በዚያው ይሞቃል። ከወንዝና ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃም ኖራውን በራዲያተሩ ቧንቧዎች ውስጥ እየለጠፈ፣ እንደ አሮጌ ጀበና ሆድ ያደርጋቸዋል። በውሃው ፈንታ ኩላንት ሙላ ስለው «ውድ ነው» ለሚለኝ አሮጌ ራዲያተር ለሁለት ተቆርጦ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ አሳየዋለሁ።

ወጣቱን ክዳን ገዝቶ እንዲመጣ ላክሁት፤ ቁጥሩን እንዳይሳሳት አሮጌውን አስያዝኩት። ኩላንት ሞልተን፣ አየሩን አስወጥተን ገጠምን። በሳምንቱ ተሳፋሪ ጭኖ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፍቶ በመስኮት አውራ ጣቱን አሳየኝ። ከኋላ በኩል አጮልቄ አየሁ። ጀሪካኖቹን አላወረደም።