የካራ ሽማግሌዎች ድንጋጌ

የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የወጣ ሕፃን ሕመምተኛ አይደለም፤ የጥርስ አወጣጥ ቅደም ተከተል ከልጅ ልጅ ይለያያል። በደቡብ ኦሞ በሚኖሩት በካራ፣ በሐመርና በበና ማኅበረሰቦች ግን እንዲህ ያለው ልጅ «ሚንጊ» ይባል ነበር፤ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎም ይገደል ነበር። መንትዮችና የጋብቻ ሥርዓት ሳይፈጸም የተወለዱ ልጆችም ዕጣቸው ያው ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 36 ለማንኛውም ሕፃን በሕይወት የመኖር መብት ደንግጓል። አንቀጹ ኦሞ ወንዝ ዳር እንዲደርስ ግን ሌላ ሕግ አስፈለገ፤ የማደንቀውም ያንን ሕግ ነው። በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊን ከለከሉ። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን የሚከበር ቃል ነው።

ለዚህ የደከመው የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እህቶቹ በሚንጊ ስም መገደላቸውን ከእናቱ የሰማው በ15 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ወላጆችን እየለመነ ሕፃናቱን ወደ ጂንካ አመጣ፤ ቤት ተከፍቶላቸው አደጉ፣ ትምህርት ቤት ገቡ። ሽማግሌዎቹንም ለዓመታት ሲያነጋግር ኖረ። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

ክልከላው የካራ ብቻ ነበር። ሐመርና በና የሚወስኑት በየራሳቸው ሸንጎ ነው። ስለ ጥርስና ስለ መንታ እርግዝና በቋንቋቸው የሚያስረዳ ሐኪም በዚያ ሸንጎ መካከል ይቀመጥ እላለሁ።