አምፖል ማንበብ

ከሆለታ እስከ አምቦ፣ የቆየ ቤት ሲታደስ አሮጌው አምፖል ቀድሞ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አምፖሉን በጨርቅ ወልውሎ መጀመሪያ የሚያነበውን ባለሙያ ግን ከልቤ አደንቀዋለሁ።

የሚነበበው ብዙ ነው። መስታወቱ ጫፍ ላይ ሹል እብጠት ካለ አየሩ የተመጠጠው በዚያ በኩል ነው፤ ዕድሜው 100 ዓመት ሳይጠጋ አይቀርም። የውስጡ ክር ደብዘዝ ያለ ጥቁር ቀለበት ከሠራ ካርቦን ነው፤ ቀጭን ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ከተመላለሰ ተንግስተን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለምን ሲቆረቁሩ በየአገሩ የሚበራው አምፖል ካርቦኑ ነበር።

ቮልቱም ይታያል። ለ110 የተሠራ በእኛ 220 ላይ ብልጭ ብሎ ይቃጠላል፤ መሞከር ቅርስ ማጥፋት ነው።

ጥሩ ባለሙያ አሮጌውን በጥጥ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። በጨርቅ የተሸፈነው ሽቦ ከተበጣጠሰ መጀመሪያ እሱን ይቀይራል፤ ፖርታላምፓውንም ይፈትሻል። ከዚያ ምትክ ኤልኢዲ። ነጩን አልወደውም፣ የድሮ ግድግዳን የክሊኒክ ኮሪደር ያስመስለዋል። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች የሚል ይፈለግ።