ግድግዳውን ማን ሠራው?

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው አንድ አሮጌ ዘገባ ነው። በ1950 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር፥ ሻትሽናይደር በሚባሉት ሊቅ ሰብሳቢነት፥ «ይበልጥ ኃላፊነት ወዳለው የሁለት ፓርቲ ሥርዓት» የሚል ዘገባ አሳተመ። ብዙ ሰው የዛሬውን የአሜሪካ ፓርቲዎች ጠላትነት በአንድ ሰው ወይም በአንድ ምርጫ ላይ ሲያላክክ እሰማለሁ። እኔ ግን ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፥ ከመልካም ምኞትም ጋራ የተደባለቀ ነው እላለሁ።

የሊቃውንቱ ክስ ምን ነበር? ዴሞክራትና ሪፐብሊካን የሚባሉት ሁለቱ ፓርቲዎች ልዩነታቸው ስላልጠራ መራጩ ምን እንደሚመርጥ አያውቅም የሚል ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፓርቲ የጠራ መርሐ ግብር ይኑረው፥ አባሎቹም በአንድነት ይቁሙለት አሉ። ይህ በመሆኑ በፓርቲዎቹ መካከል የሐሳብ ግድግዳ ይቆማል ብሎ መሥጋት እንደማይገባም ጻፉ። መጀመሪያ ባነበብሁት ጊዜ እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ነበር። ግልጽ ሐሳብን የሚጠላ ማን ነው?

ነገር ግን ፓርቲዎቹ ስለ ምን እንደዚያ ተደባለቁ ብሎ ጠልቆ መጠየቅ ይገባ ነበር። በደቡብ ግዛቶች ዴሞክራቶች ለብዙ ዘመን ብቻቸውን ገዝተዋል፤ ጥቁሮችንም በንባብ ፈተና፥ በምርጫ ግብርና በዛቻ ከድምፅ መስጫው ሣጥን አርቀዋቸዋል። በዚያው ፓርቲ ውስጥ ደግሞ ለሠራተኛው መብት የሚከራከሩ የሰሜን ሰዎች ነበሩ። በሪፐብሊካንም ውስጥ ለዘብተኛውና ወግ አጥባቂው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዛሬ በአንድ ጉዳይ የተከራከሩት ሰው ነገ በሌላው ጉዳይ ደጋፊ ይሆን ስለ ነበረ፥ ማንም ባላጋራውን ፈጽሞ ለመስደብ አይደፍርም ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ሰላም ዋጋ የተከፈለው በጥቁሮቹ መብት ነው። እንግዲህ ያን ዘመን እንደ ገነት እያነሡ የሚያለቅሱ ጸሐፊዎችም ተሳስተዋል።

በ1964 የሲቪል መብት ሕግ በሴኔት 73 ለ27 በሆነ ድምፅ ጸደቀ። ከተቃወሙት 27 ሰዎች 21ዱ ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ከ33ቱ ሪፐብሊካኖች ግን 27ቱ ደገፉት። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ራሳቸው ዴሞክራት ነበሩ። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩትና ሕጉን የተቃወሙት ሪፐብሊካኑ ጎልድዎተር፥ ከትውልድ ግዛታቸው ከአሪዞና በቀር ያሸነፉት በ5 የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የደቡብ ነጮች ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካን ሄዱ፤ ጥቁሮችም ከቀድሞው ይልቅ በብዛት ከዴሞክራት ጋራ ቆሙ። ቀጥሎም ሃይማኖት፥ የከተማና የገጠር ኑሮ፥ የትምህርት ደረጃም ሳይቀር በዚያው መሥመር ላይ እየተደረደሩ ሁለቱን ወገኖች ለዩአቸው።

በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት አሸንፈው ሲይዙ፥ መሪያቸው ጊንግሪች ተቃዋሚን እንደ ጠላት መጥራትን ልማድ ካደረጉት አንዱ ነበሩ። እሳቱን አራገቡት እንጂ ማገዶውን ግን አልሰበሰቡትም። በ2010 የጤና መድን ሕግ ያለ አንድ የሪፐብሊካን ድምፅ ጸደቀ። ጥር 6 ቀን 2021 ደግሞ የምርጫውን ውጤት ያልተቀበሉ ሰዎች የምክር ቤቱን ሕንጻ ሰብረው ገቡ።

እንግዲህ ሊቃውንቱ የለመኑት ግልጽነት መጣ፤ አይመጣም ያሉት ግድግዳም አብሮት መጣ። ዘገባቸው ግድግዳውን ሠራ አልልም፤ ፓርቲዎቹ የተለያዩት ዘገባ አንብበው አይደለምና። ስሕተታቸው ሰው ወደ ፓርቲ የሚገባው ሐሳቡን ብቻ ይዞ ነው ብለው መቁጠራቸው ነው። ሰው ግን ቆዳውን፥ ጸሎት ቤቱን፥ መንደሩንና የቆየ ቂሙን ሁሉ ይዞ ይገባል። «በሬ ሆይ፥ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሁለት ነገር እንድትይዝ እለምንሃለሁ። ፊተኛው፥ የተበደለውን ሰው ጩኸት አፍኖ የሚገኝ ሰላም ሰላም አይደለምና አትመኘው። ሁለተኛው፥ ለእውነት ስትቆም በአንድ ነገር የሚቃወምህን ሰው በሁሉ ነገር ጠላቴ ነው አትበል። በጸሎት ከሚለይህ ጋራ በሥራ ተገናኝ፤ በሥራ ከሚለይህም ጋራ በጉርብትና ኑር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከሌለህ፥ ግድግዳው በአንተም ቤት መሠራት ጀምሯል ማለት ነውና ሳይረዝም ተመልከተው።